ፊኛዋ ባዶ ነው

እናቴ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር እንዳለባት ሲነገረን፣ ከልጆቿ ደመወዝተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወልቂጤ ካለው መሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ሃያ አምስት ቀን ጨረር ታዞላት ነበር። ያረፍነው ከሆስፒታሉ ራቅ ብሎ፣ ታናሽ እህቷ ቤት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ሆዷና ዳሌዋ ላይ ለጨረሩ ምልክት የሚሆኑ፣ የማይለቁ ሦስት ነጥቦች በመርፌ ሲያደርጉባት፣ “ልጃገረድ ሳለሁ አንገቴን ተነቀስኩ፣ በእርጅናዬ ደግሞ ሆዴን!” ብላ ነርሷን አሳቀቻት። በየቀኑ ጨረሩ ከመለቀቁ በፊት ማሽኑ በዙሪያዋ አንዴ ዞሮ ውስጧን ያነሣል። ባለሙያዎቹ ኮን ቢም ሲቲ ይሉታል። ሥዕሉን ሕክምናው ሲታቀድ ከተነሣው ጋር ያስተያዩና ሁሉም በቦታው ከሆነ ብቻ ጨረሩን ይለቃሉ። ለዚህ ፊኛዋ በሽንት መሞላት ነበረበት፤ የሞላ ፊኛ አንጀቷን ከጨረሩ መንገድ ገፋ ያደርግላታል። ስለዚህ ተራዋ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው አንድ ሊትር ውኃ ጠጥታ፣ ሽንቷን ይዛ ትጠብቃለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሽንት መቋጠር አቃታት። ጨረሩ ያመጣው ነው፣ ይታገሡት አሏት።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ ታክሲው ሞልቶ ስለነበር ተለያይተን ተቀመጥን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከመጨረሻው ወንበር። መንገዱ ተዘጋግቶ ረጅም ሰዓት ቆምን። በድንገት አጠገቧ የነበረች ሴት ብድግ አለች።

“እንዴ! ቀሚሴ! ምንድነው ይሄ?”

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና “ኧረ ሴትዮዋ ሸኑብን!” ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ግን አዘኑላትና “ከማን ጋር ናቸው? ሰው የላቸውም?” ብለው ጠየቁ።

እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። አጥሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር፤ አነበብኩት።

እናቴ ወደ ኋላ አልዞረችም። “ብቻዬን ነኝ” አለች።

ስንወርድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ተከተለችኝ። እኔ ቀድሜያት እሄድ ነበር፤ እንዳትደርስብኝ ይሁን አብረን እንዳንታይ አላውቅም። ቤት ገብተን በሩን ከዘጋሁ በኋላ “አዋረድሽኝ” አልኳት።

“ይቅር በይኝ ልጄ” አለች፤ ቀሚሷን ልታጥብ ወጣች።

በማግሥቱ ባለሙያው ከማሽኑ ክፍል ብቅ ብሎ “ፊኛቸው ባዶ ነው። ውኃ ጠጥተው ይጠብቁ” አለኝ። ጠበቅን፤ አሁንም ባዶ። ሌሎች ሴቶች በተራቸው እየገቡ ወጡ፤ የእኛ ተራ ወደ ኋላ እየሄደ ቀኑ አለቀ። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። ጠርሙሷ ግን ባዶ ነበር፤ “ጠጥቻለሁ” ትላለች። በሦስተኛው ቀን ባለሙያውን “ማሽናችሁ ነው የሚሳሳተው!” ብዬ ተቆጣሁት።

አልተቀየመኝም። ወደ ውስጥ ጠርቶ ሁለት ግራጫ ሥዕል ጎን ለጎን አሳየኝ። “ይኼ መጀመሪያ የተነሣው ነው፤ ይኼ ክቡ ነገር ፊኛቸው። ይኼ ደግሞ የዛሬው። አየሽው እህቴ? ተጨማዷል። አንጀታቸው የፊኛው ቦታ ላይ ወርዷል። ጨረሩን ብንለቀው የምናቃጥለው አንጀታቸውን ነው።”

ወጥቼ ፈለግኳት። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆማ ጠርሙሷን መሬት ላይ እየደፋች አገኘኋት። ነጥቄያት፣ ክንዷን ይዤ ወደ መጠበቂያው መለስኳት። ውኃ ውኃቸውን የያዙ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እነሱ ፊት ጮህኩባት።

“መሞት ከሆነ የምትፈልጊው ቡታጅራሽ ሄደሽ ሙቺ! እኔ ሥራ ፈት አይደለሁም!”

እናቴ ሌላው እንዳይሰማት በጉራጊኛ፣ በቀስታ መለሰችልኝ። “ታክሲ ላይ ደግሜ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።”

እዚያው እግሯ ላይ ወድቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሌላ ጠርሙስ ከፈትኩና “እያየሁሽ ጠጪ” አልኳት። ጠጣች። ስትቸኩል ውኃው በአገጯ ወርዶ ደረቷን አራሰው፤ አልጠረግኩላትም። የዚያን ቀን ሥዕሉ ጥሩ ሆነ። ባለሙያው “ዛሬ ጎበዝ ነዎት እናቴ!” አላት፤ እሷም እንደ ተማሪ አንገቷን ደፋች።

የአዋቂ ዳይፐር የሚባል ነገር መኖሩን የነገረችኝ አጠገቧ የተቀመጠችው ታማሚ ናት። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ይሸጠዋል። በየቀኑ በዚያ ሱቅ በኩል ነበር የምናልፈው። ገዝቼ ጭኗ ላይ ወረወርኩላት። ከዚያ በኋላ በቀሩት ቀኖች ሁሉ አጠገቤ ክፍት ወንበር ቢኖር እንኳ ሌላ ቦታ ፈልጋ ትቀመጥ ነበር።

ያመለጡት ቀኖች መጨረሻ ላይ ተሟሉላት፤ ሕክምናውን ጨረሰች። በዓመቱ ግን በሽታው ተመለሰ። ሐኪሙን ብቻውን አግኝቼ “የተቆራረጡት ቀኖች ይሆኑ ያመጡት?” ብዬ ጠየቅኩት። “እንዲህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም” አለኝ። አይደለም ግን አላለኝም።

ያረፈችው ቡታጅራ፣ ቤቷ ነው። ለቅሶ ላይ በርበሬ ተራ አብረዋት የሚሸጡ ሴቶች ከበው አጽናኑኝ። “ስትመርቅሽ ነው የሞተችው” አለችኝ አንዷ። “አዲስ አበባ ስታስታምመኝ ለደቂቃ ከጎኔ አልተለየችም ትለን ነበር። እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን።”

ቀና ብዬ አየኋት። “አሜን” አልኩ።