በልቼ የማላውቅባቸው ምግብ ቤቶች

ባለፈው ማክሰኞ የጎረቤታችን ልጅ ትዕግስት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ለሦስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ልትሄድ ነው።

«ጋሼ ዳኜ፣ እርስዎ እዚያ ኖረዋል አሉ። የት የት ልብላ?» አለችኝ።

ሆዴን ያየ ሰው ስለ ምግብ ቢጠይቀኝ አይፈረድበትም። በር ስገባ ከእኔ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ሌላ ነገር ብትጠይቀኝ ወንበር አስቀርቤ ሁለት ሰዓት አወራላት ነበር። ይህን ስትለኝ ግን መነጽሬን ፍለጋ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብቸና ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ሄጄ፣ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ ኖርኩ። የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፣ የሙት ዓመት መጥሪያ እጽፋለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን የምግብ ቤት ሜኑ እጽፋለሁ። የፒያሳን ሜኑ እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣው ነበር። አንድ ጊዜ የበግ ሾርባን ከለስላሳ መጠጦች ተራ አስገብቼ ባለቤቱ ሊመታኝ ምንም አልቀረው። ምግቡን ግን አላውቀውም። ምሳዬ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ የምበላው ዳቦ በሻይ ነበር፤ እራቴ ደግሞ የአጎቴ ሚስት ሽሮ።

በኋላ ሞጣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስቀጠር ታዲያ ይህን ለማን እናገራለሁ? በወሬ ያልበላሁበት ቤት የለም። የዚህኛው ክትፎ ቅቤ ይበዛበታል፣ የዚያኛው ዱለት ሚጥሚጣ ያንሰዋል እያልኩ ስፈርድ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል።

የተከራየሁት ሐጂ እንድሪስ ግቢ ነበር። ሐጂ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ሰዒድ እኩያዬ ስለሆነ ወዲያው ተግባባን። ሚስታቸው እማማ ከድጃ ከልጃቸው አይለዩኝም ነበር። ለፋሲካ ዶሮዬን የሚያርድልኝ ክርስቲያን ጎረቤት የሚጠሩልኝ እንኳ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ቢላዋ እፈራለሁ።

አንድ ጥቅምት ላይ ሐጂ ታመሙ። አፋቸው እህል አልቀበል አለ። ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ጻፈላቸው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል፣ ግን በልተው አቅም ካላገኙ አይሆንም አለ። ሊሄዱ ሲሉ ሰዒድ ክፍሌ ገባ።

«ስማ፣ ዛሬ ቀልድህን ተወኝ» አለኝ። «አባዬ ካልበላ አይሠሩለትም። ሾርባ እንደሚወድ ታውቃለህ። ጥሩ ሾርባ ያለበትን ቤት ንገረኝ።»

«እሱንማ ለእኔ ተወው» አልኩት።

ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። የቤቱን ስም፣ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ፣ የበግ ሾርባ። «ከላይ ሦስተኛው መስመር» ብዬ ልጨምርበት ትንሽ ቀረኝ። ሰዒድ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አላህ ይስጥህ» አለኝ።

የኅዳር መጨረሻ ላይ ብቸና እናቴ ዘንድ ለጤፍ አጨዳ ሄጄ ነበር። አጨዳ ስል፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለአጫጆቹ ጠላ መቅዳቴን ነው። የሐጂን ሞት እዚያው ሰማሁ። በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። መንገዱ ግራ ቀኙ የደረሰ ጤፍ ነው፤ ነፋሱ አጎንብሶ ያነሣዋል። ለቅሶ እየሄድኩ እንደዚያ ማማሩ አናደደኝ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሰዒድ አቅፎኝ አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ እማማ ከድጃ ሳህን ይዘው መጡ።

«ብላ ልጄ። የክርስቲያኑ ለብቻው ነው። ጎረቤታችን አለሚቱ በራሷ ድስት ሠርታው ነው። ጾም ገብቷል አይደል? በዘይት ነው።»

አጠገቤ ተቀመጡና ሳልጠይቃቸው ያወሩኝ ጀመር።

«አንድ ቀን ሐጂ ራሳቸው ሾርባ አማረኝ አሉ። ደስ አለንና ያንተን ወረቀት ይዘን ሄድን። ደረጃውን እኔና ሰዒድ ደግፈናቸው፣ ሦስት ጊዜ አርፈው ነው የወጡት። ተቀምጠን ቀና ብል ግድግዳው ላይ የጊዮርጊስ ሥዕል። ሰዒድ አስተናጋጇን ጠየቃት። ‹የክርስቲያን ቤት ነው፣ እናቴ› አለችኝ፣ ልጅቷ እሷው አፍራ።»

እጄን ከሳህኑ መለስኩ። እኔ የጻፍኩት ሜኑ ላይ መስቀልም ጨረቃም አልነበረበትም። ሥጋው የማን እንደሆነ የሚያውቀው በሩን አልፎ የገባ ሰው ነው።

«ሰዒድ ሌላ ቤት ፈልጎ ሾርባ ይዞ ሲመጣ አምሮታቸው ጠፍቶ ነበር። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ተዉት። ከዚያ ወዲያ እህል አላሰኛቸውም። ሐኪሞቹም አቅም የላቸውም ብለው መለሱን።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ቀናቸው ነው ልጄ። አንተን አልተቆጡህም። ደረጃውን ስንወርድ ምን አሉ መሰለህ? ‹ዳኜ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ቢገባ ኖሮ ይነግረን ነበር፣ ክፋት የለበትም። ከድጃ፣ ይህ ልጅ ሦስት ዓመት ምን እየበላ ኖረ?› አሉኝ። እዚያው ቆመው አዘኑልህ። ለሰዒድም ‹እንዳትነግረው፣ ያፍራል› አሉት። እኔ ነኝ አላስችል ያለኝ። አንተም ነገረችኝ ብለህ እንዳታወጣ። ብላ እንጂ።»

በላሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የራሳቸው ሆድ ባዶ ሆኖ፣ ሰውየው ለእኔ ሆድ ተጨንቀው ነው የሄዱት።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ለትዕግስት እውነቱን ነገርኳት። «አዲስ አበባ ምግብ ቤት ገብቼ በልቼ አላውቅም» ብላት ከት ብላ ሳቀች። ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረ ሰው አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል?

«እሺ ሰዒድን ጠይቂው» አልኳት። «ዕቃ ሊያመጣ ይመላለሳል።»

ከቤቴ ማዶ ወዳለው የጨርቅ ሱቁ ሄዳ ወዲያው ተመለሰች፤ ደብተሯ ላይ አንድ ቃል የለም።

«ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ከዳኜ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እሱኑ ያዢው› አለኝ።»

የአባቱን ቃል እስካሁን እየጠበቀ ነው። እኔ እንደማውቅ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዝም ያልኩት ለእናቱ ቃል ስል ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። እማማ ከድጃ ግን ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ሰበቤ አልቋል።

ይህን ስጽፍ በመስኮቴ ይታየኛል፣ ጨርቅ እየለካ። በመካከላችን ያለው መንገድ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። በየቀኑ እሻገረዋለሁ፣ ሻይ እንጠጣለን፣ አስቀዋለሁ። ይህን ነገር ይዤ ግን አንድም ቀን ተሻግሬ አላውቅም።