አምፖሌ ስትዋዥቅ

ባለፈው እሁድ ልጄ የመብራት ኃይል የሚያረጋ ስታቢላይዘር ገዝቶ መጣ። «እማዬ፣ እዚህ መስቀል ፍላወር ኃይሉ በጣም ይዋዥቃል፤ በቃ ፍሪጅሽን ያቃጥልብሻል» አለኝ። መዋዠቅ የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ትዝ የሚለኝ ፍሪጅ አይደለም። ያ ሳይፈርስ በፊት የነበረው ካዛንቺስ ነው፤ ክረምቱ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የተጠበሰ በቆሎ ሽታ።

ለአስራ ሁለተኛ ክፍል የምዘጋጅበት ክረምት ነበር። ከግቢያችን በር አጠገብ ሰይድ የሚባል ከወሎ የመጣ ወጣት ልብስ ሰፊ ትንሽ ሱቅ ነበረው። መብራት የሚስበው ከእኛ ቆጣሪ ነው። ካውያውን ሲሰካ ከሱቁ በመስኮት የምትታየው የእኔ አምፖል ደብዘዝ ትላለች፤ ሲነቅለው መልሳ ትደምቃለች። አስተማሪው አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ «ይኸው ደግሞ ዋዠቀ» ይላል።

አንድ ቀን «አባባ፣ መዋዠቅ ማለት መቀነስ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አይደለም። የሚቀንስ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። የሚዋዥቅ ግን ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። የቲማቲም ዋጋ ይዋዥቃል። የሰው ሐሳብም እንደዚያው።»

የእኔ ሐሳብ ግን አንድ ቦታ ረግቶ ነበር። አምፖሏ ደብዘዝ ባለች ቁጥር ከመጽሐፌ ቀና ብዬ «አለ» እላለሁ፤ ሰይድ እዚያ ማዶ አለ። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። የእሱ ቤተሰብ መስጊድ የሚሄድ፣ የእኔ ቤተ ክርስቲያን የሚስም፤ ማን ደፍሮ ምን ይላል? ወድጄው ነበር፣ በቃ።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ለጥናቴ አስቦ፣ ሱቁ የራሱ ቆጣሪ እንዲገባለት አደረገ። የዚያን ዕለት አምፖሌ አንዴም ሳትደበዝዝ አመሸች። ቤተሰቡ ተገላገልን አለ። እኔ መጽሐፌ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ያልተጨማደደ ቀሚሴን ለማስተኮስ ይዤ ሄድኩ።

«መብራታችሁ ረጋ ሲሉ ሰማሁ» አለኝ ሰይድ።

«ረጋ።»

ቀሚሱን ተቀብሎ እጥፋቱን በእጁ ዳሰሰው። «ማለቴ… እኔ እኮ አንዳንዴ የምተኩሰው ልብስ ሳይኖር ነበር ካውያውን የምሰካው።»

ሳይተኩስ መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ በላይ አልተባባልንም። በጥር ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ገባ፤ እኔም ኋላ የልጄን አባት አገባሁ፣ ደግ ሰው ነበር።

«ለቤቱ በሙሉ ልግጠመው?» አለኝ ልጄ፣ ካርቶኑን እየከፈተ።

«ለፍሪጁ ግጠመው» አልኩት። «የመኝታ ቤቴን አምፖል ግን ተዋት።»