ስምንት ደረቅ ቀን ፍለጋ

መካነ ሰላም ጂኦግራፊ በማስተምርበት ዘመን መጽሐፋችን አገራችን የምትገኘው በሐሩር ክልል ነው ይል ነበር። ተማሪዎቼ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ፣ ይህንኑ በደብተራቸው ይገለብጣሉ። የዝናብ ወራትንም አስጠናቸው ነበር፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ይቺን ጥያቄ ማንም ተማሪ አይስታትም። በነዚያ ዓመታት የሳታት ሰማዩ ብቻ ነበር።

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ሰኔ፣ አጎቴ ከደሴ በታች ካለው ቆላ በሰው እጅ ደብዳቤ ላከልኝ። ከብቱ አልቋል፤ የመንደሩ ሰው ግማሹ ወደ ደሴ መጠለያ ወጥቷል፤ እናቴ ግን ቤቴን ዘግቼ ለማኝ አልሆንም ብላ አሻፈረኝ ብላለች። «አንቺ ራስሽ ካልመጣሽ የማንንም ቃል አትሰማም» ይላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ሄጄ እናቴን ይዤ መምጣት።

ነገሩ ግን በምኞት የሚሆን አልነበረም። ከመካነ ሰላም የሚወጣው መንገድ ዋልካ ነው። አንድ ቀን ደህና አድርጎ ከዘነበ ጭቃው የመኪናውን ጎማ ይውጠዋል፤ ክረምቱ ከጠና ደግሞ እስከ መስቀል የሚያልፍ መኪና የለም። ስለዚህ መሄጃውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ማሰብ ነበረብኝ። ሁለት ቀን እስከ ደሴ፣ አንድ ቀን እናቴ ዘንድ ለመድረስ፣ አንድ ቀን እሷን ለማግባባት፣ ሦስት ቀን ለመልስ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለክፉም ለደጉም። እናቴ ግትር ናት፤ ግትርነቴን ከማን እንዳመጣሁት አውቃለሁ። ሲደመር ስምንት ደረቅ ቀን ያስፈልገኛል።

የፈተና ወረቀት አርሜ የምጨርሰው ሰኞ ነበር። እስከዚያው የሰማዩን ነገር ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ራዲዮኑ ያን ሰሞን ስለታሰሩ ባለሥልጣናት እንጂ ስለ ደመና አያወራም። አከራዬ ጉልበታቸውን እያሹ ዝናቡ ገና ነው አሉኝ። ሹፌሩ፣ ጨው አምጥቶ ቆዳ ጭኖ የሚመለስ የደሴ ሰው፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ ያዘልኝ። «አብሽሪ አስተማሪ፤ ኢንሻ አላህ ማክሰኞ ማለዳ እንነሳለን» አለኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የከተማው ሽማግሌዎች፣ ቄሱም ሼሁም አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ለሦስት ቀን ምህላና ዱዓ እንዲያዝ ወሰኑ። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ዝናብ ይለምናል። በነዚያ ቀናት ገበያ የለም፣ በሬ አይጠመድም፣ ከከተማው የሚወጣ ሰውም አይኖርም። ከመሀል ጥሎ የሄደ ሰው የሁሉንም ጸሎት ያፈርሳል ተብሎ ይታመናል።

በግኜ ሹፌሩ ዘንድ ሄድኩ። ቆዳው ተጭኗል፤ ሸራው ታስሯል።

«አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህ፤ ምን አገባህ?» አልኩት።

«ወላሂ ነገ ብነሳ ደሴ ግብት ነበር» አለኝ። «ግን እኔ ወጥቼ ዝናቡ ቢቀር፣ ያስቀረው እሱ ነው እባላለሁ። ይህን ተሸክሜ አልኖርም።»

በእግሬ መውጣት እችል ነበር። በሽማግሌ ቃል ለመታሰር ጊዜ የለኝም ብዬ ስንቄን ቋጥሬ መንገድ መጀመር። አላደረግሁትም። እናቴን በምን እመልሳታለሁ ብዬ አመካኘሁ። እውነቱ ግን የከተማውን ሰው ዓይን ፈርቼ ነው።

ምህላው ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል አብሬ እላለሁ፤ ሲሰግድ እሰግዳለሁ። በሆዴ ግን የምለምነው ሌላ ነው። ዛሬ አይሁን፤ ነገም አይሁን፤ ስምንት ቀን ብቻ ቆይልኝ። ከፊት ለፊቴ ከገጠር የመጡ፣ ከአጥንታቸው በቀር ምንም ያልቀራቸው ሴቶች ይሰግዳሉ። አፈርኩ። እያፈርኩም ለመንኩ።

ሁለቱ ቀናት ጠብ ሳይል አለፉ፤ ለመኪና እንዲህ ያለ መንገድ አይገኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ተገለበጠ። ወንዱ ነጠላውን ጥሎ ይዘላል፤ ሴቱ እልል ይላል። አከራዬ አንገቴን አቅፈው «እልል በይ እንጂ ልጄ!» አሉኝ። እያለቀስኩ ነበር፤ በደስታ መሰላቸው። እልል አልኩ።

በማግስቱ ሹፌሩን መኪናው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ድረስ ሰምጠዋል። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

መንገዱ የተከፈተው ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያ ንጉሡ ወርደዋል፤ ለድጋፍ ሰልፉ ተማሪዎቼን መርቼ ወጥቻለሁ። እናቴ ቤት ስደርስ በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል። እንደሷው ከመንደሩ ሳይወጡ የቀሩት ጎረቤቷ እጄን ይዘው ወደ መቃብሩ ወሰዱኝ። ያረፈችው በሐምሌ ነው። እነሱ ዘንድ በሰኔ ጠብ አላለም።

ከመቃብሩ ስንመለስ ደጃቸው ላይ አረፍ አልንና አሮጊቷ ያጫውቱኝ ጀመር።

«በሰኔ አንድ ቀን እዚችው ተቀምጠን ሳለ፣ ከተራራው ባሻገር፣ በናንተ በኩል፣ ሰማዩ ጥቁር አለ። እናትሽ መቆም አቅቷት ከርማ ያን ቀን ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ‹ተመስገን፣ ለልጄ ዘነበላት› አለች። እስኪመሽ ሌላ ወሬ አላወራችም።»

ከዚያም «እውነትም ዘንቦላችሁ ኖሯል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኳቸው፤ «ዘንቦልን ነበር።»