ካዝና ውስጥ የኖሩት ሁለት ጭልፊቶች

ዐረብ አገር፣ ጠበቃ ቢሮ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ ጠበቃው ኡስታዝ ፈህድ (እዚያ የተማረ ሰው ሁሉ «ኡስታዝ» ይባላል)፣ ግብጻዊው ጸሐፊ ኡስታዝ መሕሩስ፣ የሻይ ቅጠል ነጋዴው አቡ ሷሊህ እና እኔ። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 2014 ነበር። የተቀጠርኩት ለፋይል አደራጅነትና ለተላላኪነት ነው። ዐረብኛ ማንበብ የተማርኩት ሱወይዲ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ስሠራ የካርቶን ጽሑፍ እያነበብኩ ነው።

አቡ ሷሊህ «ሁለት ጭልፊት» የተባለውን የሻይ የንግድ ምልክት ከአማቱ ገዝቶ ዝውውሩን በደንቡ አስመዝግቧል። ልጁ ሲያገባ ሊያወርሰው ነበር። አሁን ግን አንድ ተፎካካሪ ነጋዴ ምልክቱ ይሰረዝልኝ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። የተመዘገበ ምልክት አምስት ዓመት ሙሉ ያለ በቂ ምክንያት ሥራ ላይ ካልዋለ ሊሰረዝ ይችላል። ዝውውሩ በትክክል መመዝገቡ ከዚህ አያድነውም።

«ምልክቱ የት ነው ያለው?» አለ ኡስታዝ ፈህድ።

«ካዝና ውስጥ፣ ከነተለጣፊዎቹ።»

«ሻዩ ላይስ?»

«ሻዩ ላይ? መንገደኛው ሁሉ እንዲገለብጠው? ወላሂ፣ በልጄ ሰርግ ቀን ነው የማወጣው።»

መሕሩስ መተየቡን አቆመ። ኡስታዝ ፈህድ ወደ እኔ ዞረ፦ «ያላ፣ ዲራ ገበያ፣ ሱቁ ሂድ። ምልክቱ ያለበት አንድ ጣሳ እንኳ ብታገኝ መነሻ ይሆነናል።»

የአቡ ሷሊህን ሱቅ ሦስት ቀን በረበርኩ። ጣሳዎቹ ሁሉ ምንም አልተለጠፈባቸውም። በሦስተኛው ቀን የሱቁ ሠራተኛ፣ የወሎው ሰዒድ፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ወፍ ያለበትን ነው የምትፈልገው? አትጠይቀኝም እንዴ?» ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጣሳ አወጣ። ተለጣፊው በእንፋሎት ደብዝዟል። ሰዒድ ተለጣፊውን ያገኘው ካዝናው ሲጠገን ወድቆ ነው። በማስመሪያ ለካሁት፤ በአራቱም ጎን ፎቶ አነሳሁት።

ኡስታዝ ፈህድ ፎቶውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ለማን ነው የሚሸጠው?»

«አይሸጥም» አልኩት። «የሠራተኞቹ ሻይ ነው። ሰዒድ የለጠፈበት በስሕተት እንዳይሸጥ ለመለየት ነው።»

«እንግዲያው ዲራ ውስጥ ይህ ምልክት ‹ለሽያጭ አይደለም› ማለት ነው» አለ መሕሩስ። ቀጥሎ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፦ «‹አይሸጥም› የምትለዋን መስመር ከሪፖርትህ ዝለላት» አለኝ።

መዝለል አልቻልኩም። ጣሳው ላይ ሰዒድ በአማርኛ «የኛ» ብሎ ጽፏል። ፎቶው ላይ ጎልቶ ይታያል። ተርጓሚውም እኔው ነኝ።

አቡ ሷሊህ ሰዒድ ጋ ደወለ። «ያንን ጣሳ አሁኑኑ ሽጥልኝ።»

«እሺ፤ እኛስ ምን እንጠጣለን?» አለ ሰዒድ።

«ከአቤቱታው በኋላ የተሸጠ አይቆጠርም። ኸላስ፣ አለቀ» አለ ኡስታዝ ፈህድ።

ምልክቱ ተሰረዘ። በማግሥቱ አቡ ሷሊህ ካዝናውን ከፍቶ ተለጣፊዎቹን በገዛ እጁ ጣሳ ሁሉ ላይ መለጠፍ ጀመረ። «ከእንግዲህ ምኔን ይሰርቁኛል?» አለኝ። ተፎካካሪው ምልክቱን በስሙ ለማስመዝገብ ማመልከቱን፣ ከተመዘገበለት ደግሞ የለጠፈው እንደሚያስከስስ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከሰዒድ ጋር ሦስታችን ሆነን ተለጣፊዎቹን በሙቅ ውሃ ስንልጥ ዋልን። የሠራተኞቹ ጣሳ ላይ ያለው ብቻ አልላቀቅ አለ።

ካዝና ምልክትን ከሌባ ይጠብቃል፤ ከስረዛ አይጠብቅም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ «ከምዝገባ ምስክር ወረቀቱ በፊት ጣሳውን አሳየኝ» እላለሁ።

ኡስታዝ መሕሩስ፣ ወንድሜ ሰዒድ፣ ይህን ካነበባችሁ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት። ያ «የኛ» የተጻፈበት ጣሳ የት እንደደረሰ እኔ አላውቅም።