እንቁራሪቷን በጆሮ

ፍሪጅ ጠጋኙ አባት ከሩቅ አገር ሥራው ከተመለሰ ወዲህ ልጁ የምታስተናግደው እንደ እንግዳ ነበር። ውሃ ስታቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ ሲያነጋግራት ዓይኗ የበሩን እጀታ ያያል። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ "ከአባትሽ ጋር ተጫወቺ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?" ብላ ሳመቻት። ልጅቷም ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ የሆነ ሰው መጥቶ የሚወስዳት ይመስል።

አባት ለዚህች ቀን ያዘጋጀው ነገር ነበረው። በሌለባቸው ዓመታት የስልክ ወሬያቸው ሁሉ የሚያልቀው በእንቁራሪቷ ነበር፤ እሱ ልጅ ሳለ ሲጫወትባት በኖረው፣ ጆንያ ተሸክማ ጉድጓድ እየዘለለች በምትሮጠው የጌም እንቁራሪት። "በአንዲት ነፍስ መጨረሻ አደርሳታለሁ" ይላት ነበር። ልጅቷም ይህንኑ ለክፍሏ ልጆች አውርታ ጨርሳለች። አሁን አሮጌው የጌም ማጫወቻ ከእናቱ ቁም ሣጥን ሥር ወጥቷል። የተበጠሰውን ሽቦ በእጁ በይዶ ከአዲሱ ሰፊ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶታል። ሶፋውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጀመረ።

እንቁራሪቷ ብቅ አለች፤ ሮጠች፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ገባች። እንደገና ጀመረ። እዚያው ገባች።

"ቁልፉ ደንዝዞ ነው" አለ ጉሮሮውን እየጠረገ።

"እሺ።"

ደግሞ ሞከረ። ዘለለች፣ ከጉድጓዱ አፍ ሳትደርስ አረፈች፣ ተንሸራታ ገባች።

"ምንም አይደል አባዬ። ደክሞህ ይሆናል።"

ሻይ ለደፋ እንግዳ የሚባል ዓይነት ነገር ነው ያለችው። ብትስቅበት በወደደ ነበር።

ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እምቢ ያለ ፍሪጅ ፊት እንደሚያደርገው አንድ በአንድ አሰበ። ማጫወቻው ያው ነው፤ ቁልፉም ሲነካ ይሠራል። የተለወጠው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሳቁ አመለጠው።

"ምን ሆንክ?"

"ልጅ ሳለሁ የኛ ቤት ቴሌቪዥን የቀኙ ግማሽ አይበራም ነበር። ጥቁር፣ እንደ ከሰል። እንቁራሪቷ ደግሞ የምትሮጠው ወደዚያው ነው። ጉድጓዱን አይቼው አላውቅም እኮ! አሁን ከሩቅ ሳየው ቸኩዬ እዘላለሁ።"

"ታዲያ እንዴት ነበር የምትጫወተው?"

"በጆሮዬ። ጉድጓድ ሲደርስ ሙዚቃው ትንፋሽ ይውጣል፣ ልክ እንደዚህ፤ ጡም፣ ጡም... እህ። ያኔ ነው መዝለል።"

"ውሸትህን ነው!"

"ፍሪጅ ሲታመም ምን የማደርግ ይመስልሻል? ጆሮዬን ለጥፌ ነው የማዳምጠው።"

ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ። ጡም፣ ጡም፣ እህ። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው፣ አምስተኛው አለፈ። ከሶፋው ጫፍ አንድ ትንፋሽ ሲሳብ ሰማ።

"እያጮለቅክ ነው!"

"በፍጹም።"

"ሽፋሽፍትህ ይርገበገባል! አየሁህ! አጭበርባሪ!"

አጭበርባሪ። አባት ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ደስ የሚል ስድብ አልሰማም ነበር። ዓይኑን አልገለጠም፤ ከሙዚቃው ጋር የቤቱን ድምፅ ማዳመጥ ያዘ። ዚፕ ወረደ። ጃኬት ወለሉ ላይ ዱብ አለ። የሶፋው ስፕሪንግ ከጀርባው ጮኸ፣ ከዚያም የእርሳስ ሽታ ያላቸው ሁለት ትንንሽ እጆች መጥተው ዓይኖቹ ላይ አረፉ።

የሚቀጥለውን ጉድጓድ ጨርሶ አልሰማውም። እንቁራሪቷ ከነጆንያዋ ወደቀች።

"ወደቀች!" አለች ልጅቷ ጆሮው ሥር፣ በሳቅ እየፈረሰች።

"አንቺ ነሽ ያስወደቅሽኝ። እጅሽን አንሺ እስቲ፣ ልየው።"

"አላነሳም። ከመጀመሪያው ጀምር።"