እናቴ የመረጠችው ማጠቢያ ማሽን

አሮጌው የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን የቆመው በክረምት፣ የእናቴ አንሶላዎች ሆዱ ውስጥ እንዳሉ ነው። መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ማሽኑ እንደ ልማዱ አጉረመረመ፤ ከዚያ ከሥሩ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ወጣና ጸጥ አለ። ሶኬቱን ነቀልኩ። አንሶላዎቹን ከአረፋው ውስጥ እየጎተትኩ አወጣሁና ትልቁ ሳፋ ውስጥ ከትቼ በእጄ ማሸት ጀመርኩ። አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት የምታየኝ እናቴ፣ «ተዪው፣ ነገ ይደርሳል» አለችኝ። ነገ እንደማይደርስ እሷም ታውቃለች። ጋምቤላ ውስጥ በክረምት እርጥብ አንሶላ ካደረ ሽታው ቤቱን ሁሉ ይይዘዋል።

እናቴ ከከተማ ርቆ ያለው የጎግ ወረዳ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በቆሎዋን ስትኮተኩት፣ ውሃ ስትቀዳ፣ የእኛን ብቻ ሳይሆን የሞቱ እህቶቿን ልጆች ልብስ ወንዝ ወርዳ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። አንድ ጠዋት ማሳዋ ላይ ወደቀች። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሷ ተረፈች፣ ንግግሯም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን እንቢ እንዳሉ ቀሩ። ያኔ ነው ከተማ፣ እኔ ቤት ያመጣኋት። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው ወረዳ ለወረዳ ሲዞር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳስታውስ ትዝ የሚለኝ አንሶላ ነው። እናቴ ሌሊት ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ ይቃጠሉ ነበር። ይህን ያዩ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሳልጠይቃቸው ተራ ገቡልኝ። ሳሙናቸውን ሳይቀር ከየቤታቸው ይዘው ይመጡና ከማንጎው ሥር ተቀምጠው እየዘመሩ ያጥባሉ። እናቴም ከአልጋዋ ሆና አብራቸው ትዘምራለች። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ሥራዬን ለቅቄ ነበር።

ከዚያ ያ ማሽን መጣልን። ለስደተኞች በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የነበረ ጎረቤታችን ሥራው አልቆ ሲሄድ፣ ዕቃውን ሁሉ ሸጦ ማሽኑን ግን «ይህ ለእናትሽ ይሁን» ብሎ ትቶልን ሄደ። በአንድ በኩል የሚያጥብ፣ በሌላ በኩል የሚጨምቅ፣ ውሃ በባልዲ የሚሞላለት ዓይነት ነው። ያኔም ወጣት አልነበረም። ሲጨምቅ እየዘለለ ከቦታው ይሄድ ስለነበር ባለቤቴ በገመድ እንደ ፍየል ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰረው። ጎኑ ዝጎ ተበሳ፣ በማስቲሽ ደፈንነው። ክዳኑ ተሰበረ፣ ትሪ ከደንንበት። እንዲያም ሆኖ ዓመታት አገለገለን። ያንን ጎረቤታችንን ዛሬም በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

ገበያው አጠገብ የሚሠራ ጠጋኝ መጥቶ ከፍቶ አየው። ሞተሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ተቃጥሏል። የዚህ ዕቃ አሁን የትም አይገኝም» አለኝ። «አሳርፉት በቃ። ብዙ ደክሞላችኋል።»

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ ምን ዓይነት እንግዛ በሚለው ተከራከርን። እሱ ከደጋ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነው፤ የእኛን ቋንቋ ግን እዚሁ አድጎበት አሳምሮ ይናገራል። እናቴ ሆን ብላ በአማርኛ ታዋራዋለች፣ ለእሱ ክብር ነው ብላ። በእሷ አማርኛ ውስጥ ግን «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። ፓስተራችንንም ሐኪሙንም «አንተ» ነው የምትላቸው።

«ያንኑ ዓይነት ነው የሚያዋጣን» አለ ባለቤቴ። «ውሃ ከበርሜል ቀድተን እንሞላለታለን፣ መብራት ሲሄድም ልብሱን አውጥተን በእጅ እንጨርሳለን። አውቶማቲክ የሚሉት የቧንቧ ግፊት ይፈልጋል። የኛ ቧንቧ መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?»

«እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተምሬ መጥቼ፣ እርጥብ ልብስ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ማገላበጥ ደክሞኛል» አልኩት። «አንዴ ከትቼ የምረሳው ነው የምፈልገው።»

እናቴ በሩ ክፍት ስለነበር ከአልጋዋ ሆና ስትሰማን ቆየች።

«መቼ ነው የምትገዛው?» አለችው በአማርኛ።

«ቅዳሜ ነው እማማ።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

እናቴ ታማ ከመጣች ጀምሮ ከሐኪም ቤትና አልፎ አልፎ ከቤተ ክርስቲያን በስተቀር የትም ሄዳ አታውቅም። ገበያ እንኳ ምን እንደሚመስል የምንነግራት እኛ ነን። ባለቤቴ ሙቀቱን አነሳ፣ ጭቃውን አነሳ፤ እሷ ግን ሐሳቧን ጨርሳለች። «ጠዋት እንሄዳለን። ፀሐይ አይኖርም» አለችው።

ቅዳሜ ሰማያዊ ቀሚሷን አለበስኳት። ጫማው ከቀኝ እግሯ እየወለቀ ስላስቸገረ በነጠላ ቅዳጅ አሰርኩላት። ባለቤቴ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባት፤ እኔ ከአጠገቧ፣ እሱ ከፊት ተቀመጥን። ትንሽ እንደሄድን ሹፌሩን ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ «አንተ፣ ቀስ በል። ልይ» አለችው። ሰውየው በመስታወቱ አያትና ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ በእግር የሚሄዱ ሰዎች እየቀደሙን ተጓዝን። እሷም አዳዲሶቹን ፎቆች፣ አሳ ይዘው የተቀመጡትን ሴቶች፣ በዝናቡ የታጠቡትን የኒም ዛፎች እያየች፣ «ይሄ አልነበረም፣ ይሄም አልነበረም» ትላለች። እንዲህ ስታወራ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

የሄድንበት ሱቅ ባለቤት ሰው ሁሉ ሐጂ የሚላቸው፣ ከደጋ መጥተው ጋምቤላ ውስጥ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ባለቤቴ እናቴን አቅፎ ሲገባ ከመቀመጫቸው ተነሱ። የራሳቸውን ወንበር አምጥተው ማራገቢያው ፊት ለፊት አደረጉላትና «እንኳን ደህና መጡ እናቴ። ለማን ነው ዕቃው?» ብለው ጠየቁ።

እኔ «ለቤት ነው» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «ለእኔ ነው» አለች።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ባለቤቴ ልክ እንደ አሮጌው ያለውን አሳያት። ክዳኑን ከፍቶ ስለ ጥንካሬው ማስረዳት ሲጀምር እናቴ ዕቃው ላይ የተጣለውን የአቧራ መከላከያ ጨርቅ በግራ እጇ ሳበችው፤ ተነስታ እኔ ላይ ተደገፈችና ጨርቁን ማጠቢያው ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ወደ መጭመቂያው በኩል አየት አደረገች።

«አሁን ውሃ ጠጥቷል፣ ከብዷል። ወደዚያ እንዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችው።

«እኛ እናዞረዋለን እማማ።»

«አይ። ይሄ ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

ቀጥሎ ከላይ የሚከፈተውን አውቶማቲክ አየች። እጇን ብትሰድ ከሥሩ አልደረሰችም። «ይሄ ጉድጓድ ነው፤ ልብስ ላወጣ ስል እኔ እገባለሁ» ስትል ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የመጨረሻው ከፊት ለፊት በክብ መስታወት የሚከፈት ነበር። ሐጂ ወንበሯን ወደዚያ ሲያስጠጉላት በሩ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። በግራ እጇ ሳበችው፣ ተከፈተ። ጨርቁን በቡጢዋ እየገፋች ከተተችው፣ በሩን በክርኗ ዘጋችው። ከዚያ መልሳ ከፍታ ጨርቁን ወደ ጭኗ ጎተተችው። ደግማ ከተተች፤ ደግማ አወጣች። ማንም አልረዳትም። ፊቷ ላይ ላብ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ሲያበሩ አየሁ።

ጎንበስ ብዬ በራሳችን ቋንቋ፣ «እማ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? የማጥበው እኔ አይደለሁ?» አልኳት።

እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በዚያው ቋንቋ መለሰችልኝ። «አንቺ ነሽ። አንድም ቀን ፊትሽን አጥቁረሽብኝ አታውቂም፤ አምላክ ይባርክሽ። ግን አንሶላው የረጠበ ቀን፣ አንቺ እስክትመጪ እዚያው ላይ ተኝቼ እጠብቅሻለሁ። አሁን ራሴ ላንሳው፣ ራሴ እዚህ ውስጥ ልክተተው። አንቺ ስትመጪ ሻይ እንጠጣ፣ ስለ ሌላ ነገር እናውራ።»

ላቧን በነጠላዬ ጠረግኩላት። ባለቤቴ ሁሉንም ሰምቷል፤ ወደ ማቀዝቀዣዎቹ ዞሮ ዋጋ የሚያነብ መሰለ። ነገሩ ያልገባቸው ሐጂ፣ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁት።

እሱም፣ «ይሄንን ነው የምንወስደው አሉ» አላቸው።

ሐጂ ግን ዝም ብለው አልሸጡልንም። ውሃው እንዴት እንደሚገባለት ጠየቁ፤ ባለቤቴ በበርሜል እንደምንጠቀም ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ ከላይ ካልወረደለት ይህ ዕቃ ቤት ውስጥ ጌጥ ነው። መጀመሪያ ታንከር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ይሄን ለእናቴ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ለማንም አልሰጠውም» አሉ። ቀጥለውም ከመጋዘናቸው ጀርባ የሱቁን ጥላ ሲያሠሩ የተረፈ ብረት እንዳለ ነግረው፣ «ታንከሩ ለሚቀመጥበት ማማ ይሆናችኋል፣ ውሰዱት» አሉን። እናቴ በግራ እጇ እጃቸውን ያዘችና፣ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለቻቸው። ሐጂም «አሜን እናቴ፣ አላህ ጤናዎን ይስጥዎ» ብለው እስከ ባጃጁ ሸኙን።

የታንከሩ ማማ የተሠራው በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጉልበት ነው። ሚስቶቻቸው በፊት አንሶላ ሲያጥቡልኝ የነበሩ ወንዶች ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ብረቱን አቆሙ። ክረምት ላይ ደፍርሶ የሚመጣውን ውሃ በርሜል ውስጥ አጥልለን በትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ እንሰደዋለን። ባለቤቴ ከእናቴ አልጋ እስከ ጓሮ በረንዳው ድረስ በግድግዳው ላይ እየያዘች የምትራመድበት የብረት ቧንቧ ገጠመላት። ማሽኑ መጥቶ በረንዳው ላይ ሲቆምም፣ ከቁልፎቹ በምትፈልጋቸው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገባቸው።

መጀመሪያ ያጠበች ዕለት ዱቄት ሳሙናውን በአሮጌው ማሽን ልክ፣ በእፍኝ ሞጅራበት አረፋው በሳሙና ማስገቢያው ገንፍሎ በረንዳውን ሞላው። ወንበሯ ላይ ሆና እግሯ በአረፋ ተከቦ ስትስቅ ደረስኩባት። አሁን በቡና ሲኒ እየለካች ነው የምትጨምረው። ሌላ ቀን ደግሞ ቀይ ጨርቅ ቀላቅላ የባለቤቴን ነጭ ሸሚዞች ሮዝ አደረገቻቸው። እሱም አንዱን ለብሶ ሥራ ሄደና ማን እንዳጠበው ለጠየቀው ሁሉ በኩራት ሲያወራ ዋለ።

ያልጠበቅኩት ነገር ግን ሌላ ነው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ውሃ አትጠጣም ነበር። ጋምቤላ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ «አልጠማኝም» ትለኝ ነበር፤ እኔም የሕመሙ ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ምሽት ኩባያዋን ዘርግታ «ጨምሪልኝ» አለችኝ። ጨመርኩላት፤ ጠጥታ እንደገና ዘረጋችልኝ። እስከዚያ ቀን አንሶላውን እንዳታረጥብብኝ ብላ ጥሟን ችላ ትተኛ እንደነበር የገባኝ ኩባያውን ስሞላ ነው። ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ልቤ ግን በምስጋና ሞልቶ ነበር። አሁን ማታ ማታ እንደ ልቧ ትጠጣለች፤ ደህና ትተኛለች። የደም ግፊቷን የምትለካው ነርስም ቆዳዋን እያየች ምን እያበላችኋት ነው ትለናለች።

መብራት ሲጠፋ ልብሱ ማሽኑ ውስጥ ታስሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እናቴ ያኔ መስታወቱን በጣቷ ታንኳኳና «ቆይ፣ ይመጣል» ትለዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነጭ ጋዋኔ ታጥቦ፣ የግቢ በራችንን አልፋ በምትሄድ ሴት እጅ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘዋለሁ፤ ከግቢያችን ፊት የሚያልፈውን ሁሉ ጠርታ የምታሰጣው እሷ ናት። እኛም እንዳለችው ሻይ እንጠጣለን። ስለ ጎግ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተማሪዎቼ እናወራለን።

በቀደም ጎረቤታችን አንዲት ወጣት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እናቷ ሩቅ ናት፣ ባሏም ዲማ ወርቅ ፍለጋ ላይ ነው። እኔ ሾርባ ይዤላት ልሄድ ስዘጋጅ እናቴ አሁን የምትመረኮዝበትን ዱላ ይዛ ከወንበሯ ተነሳች።

«ስትመለሺ የሕፃኑን ጨርቆች ሰብስበሽ አምጪልኝ። እሷ አትጠብ፣ ገና አራስ ናት» አለችኝ፤ ወደ ማሽኑም ሄዳ በሩን ከፈተችው።