ያልታጠረው የጎመን ማሳ

ልጅ ሳለሁ፣ በልግ በገባ ቁጥር ከቤታችን ሰው ሁሉ ደስ የሚላቸው ጋሼ ወልዴ ብቻ ነበሩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከውትድርና በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ፣ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም አልምተን ገበያ የምንሸጥባት ቁራሽ መሬት ነበረችን። የመጋቢት ዝናብ ሲጥል ጎመኑ መጠቅለል ይጀምራል፤ ጉማሬዎቹም ሲመሽ ከሐይቁ እየወጡ ወደ ማሳችን ብቅ ይላሉ። አባቴ በዚያ ሰሞን ለመንግሥት እርሻ ሥራ ተመድቦ ስለሄደ፣ ማሳውን የማጠሩ ነገር በጋሼ ላይ ወደቀ።

ጋሼ ግን ተረት እንጂ አጥር አይሆንላቸውም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጉማሬ ለማባረር ማሳው ጥግ እሳት እናነዳለን። እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ያስለቅሳል፤ እናቴ በኩራዝ ብርሃን ለነገ ገበያ ቲማቲም ትመርጣለች። ጋሼም ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ አንድ ማሳ ስለወረሱ ሁለት ወንድማማቾች ያወራሉ። ወንድማማቾቹ «አንተ ጀምር፣ አንተ ጀምር» ሲባባሉ አጥሩ ሳይታጠር ይቀራል፤ ጃርት እየገባ ድንቻቸውን ይበላል። በመጨረሻ ተጣልተው ዳኛ ሲፈልጉ፣ ማሳውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው ብለው ጃርቱን ራሱን ይመርጣሉ።

«ጋሼ፣ የእኛስ አጥር?» አለች እናቴ አንድ ምሽት።

«ቆይ እንጂ አልማዝ፣ ዳኛው ገና መቀመጡ ነው።»

ይህን ሲሉ ከኋላችን ጎመን ሲቆረጠም ሰማን። እናቴ ቆርቆሮ እየደበደበች ስትጮኽ፣ አንድ ትልቅ ጉማሬ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ ሐይቁ ሄደ። ሲነጋ ግማሹ ማሳ ተግጦና ተረግጦ አገኘነው። የበልጉ ተስፋችን ያ ጎመን ነበር።

«እሱም የእግዜር ፍጡር ነው፣ ርቦት ነው» አሉ ጋሼ።

እናቴ ወደ ማሳው ገባች። የተረፈውን ለቅማ፣ የተነከሰውን ቅጠል ገንጥላ፣ በአህያ ጋሪ ጭነን ገበያ ወረድን። ገና እንደዘረጋን አንዲት ሴት ጎመኑን አገላብጣ «ይሄን ደግሞ ምን ነካው?» ስትል፣ እናቴ አፏን ሳትከፍት ጋሼ «ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ» ብለው ጀመሩ። ሰው ከበበን። እስኪበቃው ስቆ፣ ምርቃቱንም ለጋሼ ሰጥቶ፣ ጎመኑን ግን ከጎናችን ካለችው ሴት ገዝቶ ሄደ። ጋሼ በጣም ደስ ብሏቸው ለሚቀጥሉት ሰዎች እንደገና ጀመሩ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ታገሠች፤ ጃርቱ ዳኝነት ላይ ሲቀመጥ ግን ብድግ አለችና፦

«መጨረሻውን መስማት የሚፈልግ ጎመን ይግዛ» አለች።

ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ ገዛ። ጋሼ ለእያንዳንዱ ገዢ መጨረሻውን ጆሮው ሥር ያንሾካሹኩለታል። ተጠግቼ ሰማሁ። ለአንዷ ጃርቱ ፍርዱን ለከርሞ ቀጠረ አሏት፤ ለሌላው ወንድማማቾቹ በስንት መከራ አጥሩን ሲጨርሱ ጃርቱ ማሳው ውስጥ ቀረ አሉት። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጎመናችን አለቀ።

«አየሽ አልማዝ፣ ተረት ያበላል» አሉ በመንገድ ላይ።

እናቴ ከንዴቷ ብዛት ሳቋ መጣባት፤ ግን አልሳቀችላቸውም። ቤት እንደደረስን ነጠላዋን አገልድማ መጥረቢያ አነሳች፤ እኔን ገመድ አስያዘችኝ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተመቻችተው አዲስ ተረት ሲጀምሩ፣ እናቴ አንድ አጣና ፊታቸው አቆመች።

«ይቀጥሉ ጋሼ፣ ይህን ይዘው ይቀጥሉ።»

ያዙ። እሷ ትተክላለች፣ እኔ አስራለሁ፣ እሳቸው አጣና እንደያዙ ያወራሉ። ጭሱና ፍሙ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ረጅም ተረት የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ተረቱ ሲያልቅ አጥሩ ከሐይቁ በኩል ተዘግቶ ነበር።

ዛሬ ልጆቼ ተረት ንገሪን ሲሉኝ፣ እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ አንድም ቃል አይመጣልኝም። አተር ስፈለፍል ወይም ልብስ ሳጥብ ግን ተረቱ ራሱ ይወርድልኛል። እነሱም ይህን ስላወቁ፣ ተረት ሲያምራቸው ሰፌዱን ይዘው ይመጣሉ፤ ባዶ እጁን የመጣውን ግን አባርረዋለሁ።